በበረቱ ያደረው እንግዳ

ስለ ልጅነትና ስለ እምነት ከተሠሩ ፊልሞች አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ፣ ብዙ ሰው ስሙን እንኳ ሰምቶ የማያውቀውን እመርጣለሁ። «ዊስል ዳውን ዘ ዊንድ» ይባላል። እንግሊዞች ናቸው የሠሩት፤ ለሕዝብ የቀረበው በአውሮፓውያኑ ሐምሌ 1961፣ በእኛ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ርዝመቱም ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙ አያልፍም። ሦስት ልጆች፣ አንድ የሸሸ ሰው፣ አንድ የከብት በረት፤ ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ስለ ልጆች የተሠራ ሌላ ፊልም ባየሁ ቁጥር ከዚህ ጋር ሳላስተያየው አላልፍም። እንግዲህ ቡናው እስኪፈላ ስለሱ እንጨዋወት።

ታሪኩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። እርሻ ላይ የሚሠራ ኤዲ የሚባል ሰው ከረጢት አንጠልጥሎ ወደ ውሃ ይወርዳል። ከረጢቱ ውስጥ ያሉት የድመት ግልገሎች ናቸው፤ ሊያሰጥማቸው ነው። ሰውየው ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ በገጠር ድመት ሲበዛ እንዲህ ይደረጋል፣ እሱም የታዘዘውን ይፈጽማል። ከኋላው ግን ሁለት እኅትማማችና ወንድማቸው ተደብቀው ይከተሉታል። ትልቋ ካቲ፣ መካከለኛዋ ናን፣ የመጨረሻው ቻርልስ። ኤዲ ከረጢቱን ጥሎ ዞር ሲል ልጆቹ ከውሃው ያወጡትና ግልገሎቹን ያተርፋሉ። ከዚያ በኋላ ችግሩ ማን ያሳድጋቸዋል የሚለው ይሆናል። ትንሹ ቻርልስ መንገድ ላይ ያገኛትን ሳልቬሽን አርሚ የሚባል የክርስቲያን ማኅበር አባል የሆነች ሴት፣ እሱ የያዘውን ድመት ትወስድለት እንደሆነ ይጠይቃታል። ሴትዮዋም ኢየሱስ ይጠብቀዋል ብላ ታሰናብተዋለች። ለእሷ ይህ በቀን ስንት ጊዜ ከአፏ የሚወጣ ቃል ነው። ቻርልስ ግን ቃሉን እንደ ቃል ኪዳን ይዞት ይሄዳል።

ማታ ካቲ ግልገሎቹን ልታይ ብቻዋን ወደ በረቱ ትገባለች። ጨለማው ውስጥ፣ ገለባው መሐል፣ ጢሙ ያደገ፣ የቆሰለ፣ የደከመ ሰው ተጋድሟል። ማን እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ሰውየው በድንገት ፊቱ የቆመችውን ልጅ ሲያይ ይደነግጥና፣ እኛ ስንደነግጥ «በስመ አብ!» እንደምንለው፣ «ጂሰስ ክራይስት!» ብሎ ራሱን ይስታል።

ልጅቷ ስሙን ጠየቀች፤ መልሱንም ሰማች።

ብዙ ሰዎች ይህን ፊልም ሲተርኩ እዚህ ላይ ፈገግ ይላሉ፤ ልጅቷ ተሳሳተች፣ የዋህ ናት ይላሉ። እኔ ግን የፊልሙ ጉልበት ያለው ለምን እንዳመነች ስታስቡ ነው እላለሁ። ካቲ በሰንበት ትምህርት ቤት የተማረችውን እናስብ። ጌታ በከብቶች በረት ተወለደ። ድሃ ሆኖ መጣ። የራሱ ወገኖች አልተቀበሉትም፤ ባለሥልጣኖች አሳደዱት። እጁና እግሩ ቆሰለ። ደግሞም ተመልሶ ይመጣል፣ ቀኑን ማንም አያውቅም። እንግዲህ በረት ውስጥ የተኛ፣ ድሃ፣ የቆሰለ፣ ጢማም፣ የሚሳደድ ሰው ስታገኝ ምን ትበል? ከተማረችው ሁሉ አንድም የጎደለ የለም። ትምህርቱን የሰጧት ትልልቆቹ ናቸው፤ እሷ ያደረገችው ማመን ብቻ ነው። ፊልሙ በልጅቷ ላይ አንድም ጊዜ የማይስቀውም ለዚህ ይመስለኛል። ካሜራው ከፍ ብሎ አይመለከታትም፤ ከቁመቷ ልክ ሆኖ እሷ የምታየውን ያያል።

ፊልሙ የተሠራበትን መጽሐፍ የጻፈችው ሜሪ ሄይሊ ቤል ናት፤ በ1958 የታተመ ልብ ወለድ ነው። ካቲን ሆና የተጫወተችው ደግሞ የገዛ ልጇ ሄይሊ ሚልስ ናት። አባቷ ዝነኛው ተዋናይ ጆን ሚልስ ነው። ልጅቷ ያን ጊዜ ዕድሜዋ 14 ዓመት ገደማ ቢሆንም በዲዝኒው «ፖሊያና» በዓለም ሁሉ ታውቃ ነበር፤ ለልጆች የሚሰጠውን ልዩ ኦስካርም ተሸልማበታለች። እንዲህ ያለች ልጅ ከሰፈር ልጆች መካከል ስትቆም ጎልታ ትታያለች ብላችሁ ትፈሩ ይሆናል፤ አትታይም። የምታወራው ትንሽ ነው። ፊቷ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር እንደተሸከመ ሰው ፊት ነው፤ ምሥጢር ለልጅ ምን ያህል እንደሚከብድ እሷን አይቶ መረዳት ይቻላል።

ልብ ወለዱ የተጻፈው ስለ ደቡብ እንግሊዝ ነበር። ኪት ዋተርሃውስና ዊሊስ ሆል የሚባሉ ሁለት ጸሐፊዎች ለፊልም ሲያዘጋጁት ወደ ሰሜን፣ ወደ ላንካሻየር ወሰዱት። ሁለቱም የሰሜን ልጆች ናቸው፤ የሊድስ ሰዎች። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሲኒማ ፊቱን ወደ ሠራተኛው መደብ፣ ወደ ሰሜኑ የፋብሪካ ከተማና ወደ ተራው ሰው ቤት ያዞረበት ጊዜ ስለነበር፣ ውሳኔው ከዘመኑ ጋር የሚሄድ ነው። ለእኔ ግን ከዘመን መከተል የበለጠ ነገር አስገኝቷል። የደቡቡ ልስልስ መልክዓ ምድር ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ተረት ተረት ይሸት ነበር። ፊልሙ የተቀረጸው ዳውንሃም በምትባል መንደር አካባቢ፣ በፔንድል ተራራ ሥር ነው። ዛፍ የሌለው ገላጣ ኮረብታ፣ የድንጋይ ካብ አጥር፣ ጭቃ፣ ጭጋግ፣ የሚነፍስ ነፋስ። የልጆቹ ቦት ጫማ ጭቃ ነው፤ ካፖርታቸው ሰፍቷቸዋል፤ ንግግራቸው የአገሩ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ተአምር ቢነገር ተአምሩን የሚያስጌጥ ምንም ነገር የለም፤ ራሱን ችሎ መቆም አለበት።

ስለ ተራራው አንድ ነገር ላክልላችሁ፤ ፊልሙ ራሱ አያነሳውም። በ1652 ጆርጅ ፎክስ የሚባል ሰባኪ ፔንድል ላይ ወጥቶ ራእይ አየ፤ እግዚአብሔር ብዙ ሕዝብ የሚሰበስብበትን ቦታ እንዳሳየው ጽፎ አቆይቷል። ከእሱ ስብከት የተነሣው የኩዌከሮች የክርስቲያን ማኅበር ታሪኩን ሲተርክ ያችን ቀን ሳያነሳ አያልፍም። ከእሱ 40 ዓመት ቀድሞ፣ በ1612፣ በዚያው ተራራ ዙሪያ የሚኖሩ ሰዎች ጠንቋዮች ናችሁ ተብለው ተፈርዶባቸው ተሰቅለዋል። አንዱን ባለ ራእይ፣ ሌላውን ጠንቋይ ያሰኘ ምድር ነው። ካቲ የምታየውን አይታ ለማንም ትልቅ ሰው አልናገርም ማለቷ እዚያ ቦታ ላይ ሲሆን ሌላ ክብደት ያገኛል።

ከሄይሊ ሚልስ በቀር ልጆቹ ሁሉ ማለት ይቻላል የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው፤ ተዋናዮች አልነበሩም። ናን የሆነችው ዳያን ሆልጌትም፣ ቻርልስ የሆነው አለን ባርንስም እንዲሁ። ፊልሙን ያዘጋጀው ብራያን ፎርብስ ነው፤ ከዚያ በፊት ተዋናይና ጸሐፊ ነበር እንጂ ፊልም አዘጋጅቶ አያውቅም። ፕሮዲውሰሩ በኋላ «ጋንዲ»ን የሠራው ሪቻርድ አተንቦሮ ነው። አንድ ሰው በመጀመሪያ ሥራው ካሜራ ከማያውቁ ልጆች ጋር እንዲህ ያለ ውጤት ማግኘቱ ይደንቀኛል። ልጆቹ ትወና ሲያበዙ አይታዩም። ሲጨቃጨቁ ይጨቃጨቃሉ፤ ሲፈሩ ይፈራሉ፤ ስለ ኢየሱስ የሚያወሩት ስለ ጎረቤት እንደሚያወሩት ነው። ዳቦ ይወዳል? ይበርደው ይሆን? እዚህ ስንት ቀን ይቀመጣል? ትልልቆቹ ስለ እግዚአብሔር ሲናገሩ ድምፃቸውን ይለውጣሉ፤ ልጆቹ አይለውጡም።

አሁን ወደ ሰውየው እንምጣ። ስሙ አርተር ብሌኪ ነው፤ የሚጫወተው አለን ቤትስ ነው፤ ኋላ በ«ዞርባ ዘ ግሪክ» ከአንቶኒ ክዊን ጋር ያያችሁት ማለት ነው። ብሌኪ በነፍስ ግድያ የሚፈለግ ሰው ነው። በከተማው ፎቶው ያለበት ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ፖሊስ አካባቢውን ያስሳል። ልጆቹ ዳቦና ወይን ጠጅ ይዘውለት ሲመጡ፣ ተንበርክከው ሲያዩት፣ ለምን እንዲህ እንደሚሆኑ መጀመሪያ አይገባውም። ቀስ በቀስ ሲገባው ደግሞ አያርማቸውም፤ መሸሸጊያ ይፈልጋላ። በባቡር ዋሻ የደበቀውን ጥቅል እንድታመጣለት ካቲን ይልካታል፤ ጥቅሉ ውስጥ ያለው ሽጉጥ ነው። ልጅቷ ለጌታዋ የታዘዘች መስሏት የነፍሰ ገዳይ መሣሪያ ተሸክማ ስትመጣ ማየት ልብ ያስጨንቃል።

የአለን ቤትስን ችሎታ የማደንቀው ግን በትንንሾቹ ነገሮች ነው። ወሬው የደረሳቸው የመንደሩ ልጆችም በረቱ ውስጥ ስጦታቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ፤ ታሪክ እንዲያነብላቸው ይለምኑታል። ከመጽሐፍ ቅዱሱ ይልቅ ጋዜጣ አንሥቶ ያነብላቸዋል። ልጆቹ እንደ ወንጌል አዳመጡት። ሰውየው አፍሮ እንደሆነ፣ መጽሐፉን መንካት ፈርቶ እንደሆነ፣ ወይም ዝም ብሎ እንደሆነ አይነገረንም። በፊቱ ላይ የሚታየው ግን እንዲህ ባለ ዐይን አይተውት የማያውቅ ሰው ግራ መጋባት ነው። ያ ሰው በዕድሜው ሁሉ እንደ ወንበዴ ሲታይ ኖሮ፣ አሁን እንደ አምላክ የሚያዩት ልጆች ከበውታል። ክፉ ነው ወይስ ደግ ለማለት እስከ መጨረሻው ያስቸግራል፤ ፎርብስም አይፈርድልንም። ማንን እንደገደለ፣ ለምን እንደገደለም አይተረክም። ይህን መተዉ ትክክል ነበር እላለሁ። ቢነገረን ኖሮ እንፈርድ ነበርና፣ ከልጆቹ ጋር በረቱ ውስጥ መቀመጥ አንችልም ነበር።

ልቤን ግን ከሁሉ የወሰደው ትንሹ ቻርልስ ነው፤ ስለሱ ትንሽ ረዘም አድርጌ ላውጋችሁ።

ያ ድመት ትዝ ይላችኋል? ቻርልስ ድመቱን ለሰውየው አደራ ይሰጠዋል። ኢየሱስ ይጠብቀዋል ተብሏል፤ ኢየሱስ ደግሞ በረት ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ሄዶ አስረከበው። ነገሩ ግልጽ ነው። ብሌኪ ግን ስለ ድመት የሚያስብበት ጊዜ ላይ አይደለም፤ ይረሳዋል፤ ድመቱም ይሞታል። ቻርልስ ሞቶ ያገኘዋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለእሱ ነገሩ አለቀ፤ ያ ሰው ጌታ አይደለም፣ እንዲሁ የሆነ ሰውዬ ነው። አያለቅስም፣ አይጮህም። ፊቱ ላይ የሚታየው ከማልቀስ የበለጠ ያሳዝናል፤ ያመነው ሰው አደራ በልቶበታል።

ሰው ሁሉ ስለ ካቲ እምነት ሲያወራ የቻርልስን ጥርጣሬ እንደ መሰናክል ያየዋል። እኔ እንዲህ አላየውም። ቻርልስ ከሁሉ የበለጠ አምኖ ነበር። ካቲ የሰጠችው ዳቦና ምሥጢር ነው፤ ሌሎቹ ልጆች የሰጡት አሻንጉሊትና ጊዜያቸውን ነው፤ ቻርልስ ግን የሚወደውን ነፍስ ያለውን ነገር ሰጠ። ብዙ የሰጠ ሰው ሲጎድልበት ብዙ ይጠይቃል። መጽሐፈ ኢዮብን የሚያውቅ ሰው የቻርልስን ጥያቄ እንደ ክህደት ሊቆጥርበት አይችልም። ልጆቹ ቄሱን ሄደው ይጠይቁታል፤ ጌታ ድመቱን እንዲሞት ለምን ተወው? ቄሱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጨዋ መልስ ይመልሳል፤ መልሱ ግን ጥያቄው አጠገብ አይደርስም። ልጆቹም እሱም እንደማያውቅ ይገባቸዋል። ከፊልሙ ውስጥ ወላጅና መምህር ደጋግሞ ማየት ያለበት ይህን ይመስለኛል። ልጅ መልሱን ባታውቁት ይቅር ይላችኋል፤ የሚያርቀው የሚያውቅ መስሎ መመለስ ነው። ቄሱ እኔም አላውቅም፣ እኔም አዝኛለሁ ቢለው ኖሮ፣ ቻርልስ ከዚያ ክፍል ሌላ ልጅ ሆኖ በወጣ ነበር።

ከቻርልስ ሌላ አንድ ልጅ አለ፤ ወሬው በመንደሩ ልጆች ዘንድ ሲዛመት ምሥጢሩን ከያዙት መካከል ነው። በትምህርት ቤት አንድ ጉልበተኛ ይይዘውና ኢየሱስን አላየሁም በል እያለ ያስገድደዋል። ልጁ ይክዳል፤ ደግሞ ይክዳል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ይክዳል። በዚያች ቅጽበት ከሩቅ የባቡር ፉጨት ይሰማል። ዶሮ አይጮህም፤ ባቡር ነው የሚጮኸው። ማንም ቆሞ ይህ እኮ ጴጥሮስ ነው ብሎ አያስረዳችሁም። የፊልሙ ጥበብ እንዲህ ነው፤ የወንጌሉን ታሪክ በመንደር ልጆች ተራ ውሎ ውስጥ ይዘራውና እናንተው ታገኙት ዘንድ ይተወዋል። የማልኮም አርኖልድ ሙዚቃም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። አርኖልድ ለ«ዘ ብሪጅ ኦን ዘ ሪቨር ክዋይ» ኦስካር የተሸለመ ሙዚቀኛ ነው፤ እዚህ ግን ትልቅ ኦርኬስትራውን አሳንሶ፣ በፉጨት የሚዜም ቀላል ዜማ ሠራ። ልጆቹ ስጦታ ይዘው ኮረብታውን ሲያቋርጡ እንግሊዞች በገና ስለ ሰብአ ሰገል የሚዘምሩት መዝሙር ዜማ ውስጥ ውስጡን ይሰማል። ሰማዩ ሰፊ፣ ኮረብታው ገላጣ፣ ልጆቹ ትንንሽ ጥላዎች። አርተር ኢበትሰን የሚባለው ካሜራ ያዥ ያነሳው ይህ ምስል ብቻውን ለፊልሙ ዝና ይበቃው ነበር።

እንግዲህ ዋናውን ነገሬን ልንገራችሁ። ካቲ ተሳስታለች ወይ? ይህን ፊልም ለእኛ አገር ሰው ስተርክለት ጥያቄውን ከእንግሊዞቹ በተለየ መንገድ እንደሚሰማው አስተውያለሁ። እኛ ዘንድ መሽቶበት ደጅ የቆመ ሰው «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ያድራል። ስሙ አይጠየቅም፣ ከየት ነህ አይባልም፣ መጀመሪያ እግሩ ይታጠባል። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አብርሃም ሥላሴን በእንግድነት ሲቀበል ተሥሏል፤ አብርሃም በሩቅ ያያቸው መንገድ የደከማቸው ሦስት ሰዎች መስለውት ነው፤ የተቀበላቸው ማን እንደሆኑ መርምሮ አይደለም። የበላዔ ሰብንም ታሪክ የካቲት 16 ቀን ያልሰማ ምእመን የለም። 78 ነፍስ ያጠፋ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው በሽተኛ በሰጠው እፍኝ ውሃ ተማረ። ፊልሙ ውስጥ ነገሩ ተገልብጧል፤ ለማኙ ነው ነፍሰ ገዳዩ፣ ሰጪዎቹ ደግሞ ንጹሐን ልጆች። ግን የሚመዘነው ያው እፍኝ ውሃ ነው።

ልጆቹ ለታረዘ ልብስ፣ ለተራበ ዳቦ፣ ለቆሰለ ጥየቃ፣ ለሚሳደድ መጠለያ ሰጡ። ይህን ሁሉ ያደረጉት በክርስቶስ ስም ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 25ን ያነበበ ሰው እነዚህ ልጆች ተታለሉ ሊል እንዴት ይችላል? እዚያ እኮ ጻድቃኑ ራሳቸው መቼ አየንህ ብለው ይገረማሉ። ልጆቹ የሠሩት ሥራ ትክክል ነበር፤ በስም ቢሳሳቱ በሥራ አልተሳሳቱም። በዚያች መንደር ያሉት ትልልቆች በስም አይሳሳቱም፤ ብሌኪን ብሌኪ ይሉታል፣ ድመቱን ትርፍ ድመት ይሉታል፣ ጌታን በየሰንበቱ በስሙ ይጠሩታል። ይህን ስል ፖሊስ ነፍሰ ገዳይ መያዝ የለበትም እያልኩ አይደለም። አባትየውም ሲሰማ መደንገጡ ተገቢ ነው፤ ሦስት ልጆቹ መሣሪያ ከያዘ ሰው ጋር ስንት ቀን ተቀምጠዋል። አባትየውን የሚጫወተው በርናርድ ሊ ነው፤ በጄምስ ቦንድ ፊልሞች የስለላው አለቃ ሆኖ የምታውቁት። እዚህ ድካም የበዛበት ገበሬ ነው፤ እናት የላቸውምና ከአክስታቸው ጋር ሆኖ ልጆቹን ያሳድጋል። ይወዳቸዋል፤ የሚያወሩትን ለመስማት ግን ጊዜ የለውም። ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ልጆቹን ቢጠይቃቸው ምሥጢሩ በመጀመሪያው ማታ በወጣ ነበር።

ፊልሙ ተረስቷል ስል በእንግሊዝ አገር ጨርሶ አይታወቅም ማለቴ አይደለም። በወጣበት ዓመት በአራት ዘርፍ ለእንግሊዞቹ የፊልም ሽልማት ለባፍታ ታጭቷል፤ ያን ዓመት ግን «ኤ ቴስት ኦፍ ሃኒ» የሚባለው ሌላ ጥሩ ፊልም ከሽልማቶቹ ብዙዎቹን ወሰደ። ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድሩ ሎይድ ዌበር ታሪኩን ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሉዊዚያና ወስዶ የሙዚቃ ቲያትር አደረገው፤ በ1998 ለንደን መድረክ ላይ ወጣ፤ ዛሬ ስሙን የሚያውቁት ብዙዎች የሚያውቁት በዚያ ነው። ዘፈኖቹ ያምራሉ፤ የላንካሻየር ጭቃ ግን የለበትም፤ የቻርልስም ዝምታ በመድረክ ላይ አይዘፈንም።

የዚህ ፊልም ዘመዶች አሉ፤ ከወደዳችሁት እነሱንም ፈልጉ። በ1955 ስፔን ውስጥ የተሠራው «ማርሴሊኖ ፓን ኢ ቪኖ» መነኮሳት ያሳደጉት ሕፃን ጣሪያ ሥር ባለ ክፍል ላገኘው ስቅለተ ክርስቶስ ዳቦና ወይን ጠጅ ሲያቀርብለት ያሳያል፤ እዚያ ተአምሩ በእርግጥ ይሆናል። ያምራል፤ ግን ለእኔ ከመጠን በላይ ይጣፍጣል። በ1973 ደግሞ ቪክቶር ኤሪሴ፣ እዚያው ስፔን፣ «ዘ ስፒሪት ኦፍ ዘ ቢሃይቭ»ን ሠራ፤ አና የምትባል ሕፃን በባዶ የበጎች በረት ውስጥ የተደበቀ የሸሸ ሰው ታገኝና ሲኒማ ያየችው ፍራንከንስታይን መስሏት ፖምና የአባቷን ኮት ትወስድለታለች። ይህንንና የካቲን ፊልም በተከታታይ ብታዩ እኅትማማች መሆናቸው ይገባችኋል፤ አንዷ ጌታ፣ ሌላዋ ጭራቅ ብላ የሸሸ ሰው መገበች። ሄይሊ ሚልስ ራሷ በ1959 በመጀመሪያ ፊልሟ «ታይገር ቤይ» ነፍስ ያጠፋ መርከበኛን የምትወድና የምትደብቅ ልጅ ሆና ነበር፤ ካቲን ስትሆን መንገዱን ታውቀዋለች።

ወደ መጨረሻው ልምጣ። የቻርልስ ልደት ቀን ነው። ኬክ ይቆረሳል። ናን አንድ ቁራሽ ጨምሩልኝ ትላለች። ለማን ሲሏት ለኢየሱስ የሚል ቃል ያመልጣታል። ቻርልስ በኀዘን ኢየሱስ አይደለም፣ ዝም ብሎ ሰውዬ ነው ይላል። ክፋት የለበትም፤ አሳልፎ ልስጠው ብሎም አይደለም፤ የሚያውቀውን እውነት ነው የተናገረው። አባት በአንድ ጊዜ ይገባዋል። ፖሊስ ይጠራል፤ በረቱ ይከበባል፤ የመንደሩ ልጆች ከያሉበት በኮረብታው ላይ እየጎረፉ ይመጣሉ። ካቲ ሾልካ በበረቱ ጀርባ ትሄድና በግንቡ ቀዳዳ ሲጋራ ታቀብለዋለች፤ እንዳልከዳችው ትነግረዋለች። እሱም አይቆጣትም። ዳግመኛ እንደምታየው ቃል ግባልኝ ስትለው ይገባላታል። ከዚያ ሽጉጡን በበሩ ወርውሮ ይወጣል። ፖሊሶቹ ሲፈትሹት ኮረብታው ላይ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ይቆማል፤ ከሩቅ የሚታየው ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ሁሉ ከተበተነ በኋላ ሁለት በጣም ትንንሽ ልጆች ወደ ካቲ ይመጣሉ። አርፍደዋል። ኢየሱስን ማየት እንፈልጋለን ይሏታል። እሷም በዚህኛው እንዳመለጣቸው፣ ግን ተመልሶ እንደሚመጣ ትነግራቸዋለች።

በዚህ መልሷ ላይ ከወዳጆቼ ጋር ብዙ ተከራክረናል። አንዱ ሕፃናቱን ላለማሳዘን የዋሸችው ነው ይላል፤ ሌላዋ አሁንም ያ ሰው ክርስቶስ ነው ብላ ታምናለች ትላለች። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ካቲ ፖሊስ እንደሚፈልገው ታውቃለች፤ የወንድሟን ቃል ሰምታለች፤ ድመቱ መሞቱን ታውቃለች። ፍጹም እርግጠኛ የሆነ ሰው በግንብ ቀዳዳ ቃል ግባልኝ ብሎ አይለምንም። ስለዚህ በዚያች ሰዓት ጥርጣሬው እሷም ዘንድ ገብቷል እላለሁ፤ ሲጋራውን ያቀበለችው ጥርጣሬዋን ይዛ ነው፤ ለሁለቱ ሕፃናት የነገረቻቸውም ያንኑ የተቀበለችውን ቃል ነው። እንዲያውም በዚያ ቀን ካቲ ትልቅ ሰው ሆነች የሚሉት ግማሹን ብቻ ይዘዋል፤ ከመንደሩ ትልልቆች አንዳቸውም ያላደረጉትን ነውና ያደረገችው። እናንተ አይታችሁት ሌላ ከታያችሁ ጻፉልኝ፤ ከልጆቻችሁ ጋር ካያችሁት ደግሞ ስለ ድመቱ ምን ብለው እንደጠየቋችሁና ምን እንደመለሳችሁላቸው አትደብቁኝ።